የማይቦካ ሊጥ

ቀን ቀን ባጃጅ እቀባለሁ፣ በትእዛዝ፣ በጥድፊያ፣
ማታ ማታ ሊቶሪና እሠራለሁ፣ የክንዴን እኩያ፤
ጎኗ የጄሪካን፣ ጣሪያዋ የሰርዲን ቆርቆሮ፣
እግሯ የሸሚዝ ቁልፍ፣ በሽቦ ተሰድሮ።

ያዘዙኝ ጋሽ ወርዶፋ ናቸው፣ የድሮ ቲኬት ቆራጭ፣
ጣቢያው ዝም ካለ ወዲህ ገራዣችን ደጃፍ ተቀማጭ፤
«ያቺን ሥራልኝ» አሉ፣ «ያቺን ባለ ሁለት ቀለም፣
ከመስኮቷ በላይ ወተት፣ ከመስኮቷ በታች ደም።»

ሁለት ቀለም ማለት አንድ ድንበር ማለት ነው፤
ድንበር ነው ደግሞ፣ ከቀለም ይልቅ፣ ቀቢን የሚያደክመው።
የወረቀት ፕላስተር ለጠፍኩ፣ ለባጃጅ እንደምለጥፈው፣
ረጨሁ፣ ላጥኩ፤ መስመሩ እንደ ምላጭ ስል ነው።

ጋሽ ወርዶፋ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤
አዩ፣ ደግመው አዩ፣ ወደ ብርሃን አስጠጉ።
«ይቺ ባቡር አይደለችም፣ የባቡር ማስታወቂያ ናት፤
የኛዋን ድሬዳዋ ላይ አንድ እጀ ተንቀጥቃጭ ሽማግሌ ነው የቀባት፤
ቀዩ ወተቱ ውስጥ ሰርጎ የሚጠፋበት ስፍራ ነበራት፣
ቲኬት ቆርጬ ስጨርስ ክርኔ በመስኮት ወጥቶ የሚያርፍባት።»

እንዴት ተብሎ ነው ሆን ተብሎ የሚንቀጠቀጠው?
እጄን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀጥ በል እያልኩ ያሳደግኩት እኔው!

መፍትሔውን የእህቴ ልጅ ቶለሺ ከክፍሏ ይዛ መጣች፣
«ተውሼው ነው» አለች፤ ሳልጠይቃት ቀድማ ማለች።
መምህሯ የጥርስን ሥዕል ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉበት፣
ሰማያዊ ነገር፣ ነቅለው፣ አሽተው፣ ደግመው የሚለጥፉበት፤
ማስቲካ ይመስላል፣ አይታኘክም፤
ስቱኮ ይመስላል፣ አይደርቅም፤
ሊጥ ነው፣ ቁርጥ ሊጥ፣ ብቻ አይቦካም።

በመዳፎቼ መሀል አሽቼ እንደ ጫማ ክር አቀጠንኩት፣
በባቡሯ ወገብ ዙሪያ፣ ሳልጫን፣ አስተኛሁት።
ከተጫኑት ጠርዙ ስል ይሆናል፣ ምላጭነቱ ይመለሳል፤
ለቀቅ ካሉት ግን፣ ክብ ነውና፣ ከሆዱ ሥር ጥላ ይተርፋል፤
እዚያች ጥላ ውስጥ ቀለም እንደ ጉም ገብቶ ይከስማል።

የአዳማ ቀትር ደረሰና ሊጡ እንደ ማር ተጎተተ፣
ስነቅለው ጥፍር የሚያህል ወተት ከባቡሯ ሸረከተ።
ነኢማ ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁት፣ ከእርጎው በታች፣ ከአምቦው ጎን፤
«ይበላል?» አለችኝ።
«አይበላም።»
«ታዲያ ምን ሊሆን?»
«ይሸፍናል።»
«ምኑን?»
ላስረዳት ስል መብራት ሄደ፤ ዋጥኩት መልሱን።

ደግሞ ንፋሱ!
ኮረብታው ላይ ያሉት ነጫጭ ክንፎች ቀን ከሌት እየበሉት አያልቅ፤
አቧራውን አዝሎ ይመጣል፣ እርጥብ ቀለም ሲያይ አይርቅ።
ስለዚህ አጎበር ውስጥ ገባሁ፣ ከትንኝ ሳይሆን ከአዳማ ተከልዬ፣
ባቡሯን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ በስመአብ ብዬ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጫፉን በስቴኪኒ አነሳሁ፤
የቀረችውን ፍርፋሪ በዚያው በሊጡ ነካ ነካ አድርጌ ጠራረግሁ፤
የራሱን ጥፋት ራሱ የሚለቅም፣ እንዲህ ያለ ሠራተኛ አላገኘሁ።

ጠዋት ጋሽ ወርዶፋ ባቡሯን ተቀበሉ፤ አላመሰገኑም፣
አገላብጠው አላዩ፣ ዋጋም አልጠየቁም፤
የትንሿን ጣት ጥፍር ቀዩ የሚጠፋበት ጋ አሳርፈው ቆዩ፣
«ወለንጪቲን አለፍን» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ።

ሊጡ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ፣ ሆዱ ውስጥ ቀይ ቀርቶበት፤
ሲያሹት ይሰወራል፣ ሲለጥጡት ይወጣል ካለበት።
አሁን የጥርሱን ሥዕል የግራ ጥግ ይዟል፤
ቶለሺ እንደነገረችኝ፣ ክፍሉ በሙሉ ይሥቃል፣
«ቲቸር፣ ድዱ እየደማ ነው!» ይባላል።